ምደባ ወጣ?

ባለፈው ወር አንድ ማታ ከጋምቤላ የቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። የላከው ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ዶርም የኖርን፣ አብረን ኢኮኖሚክስ የተመረቅን ጓደኛዬ ነው። ብዙ መጻፍ አይወድም። የጻፈው ይቺን ብቻ ነበር፦

«የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቄስ ሁን እያሉኝ ነው። እስቲ ሒሳቡን ሥራልኝ።»

ቀልድ መሰለኝ። የሳቅ ኢሞጂ ላኩለት። መልስ ሲጠፋ ደወልኩ። ቀልድ አልነበረም።

ጓደኛዬ የኑዌር ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ አንግሊካን ናቸው። አብረን ስንኖር እሑድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ አልጋው ላይ ቁጭ ሲል አየዋለሁ እንጂ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጠይቄው አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ «አንግሊካን» ሲባል ለእኔ የሚታየኝ የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ ሲጭን ብቻ ነበር። ያን ማታ ግን ሁለት ሰዓት አወራን። ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ ከረምኩ። ይህን የምጽፈው ልሰብካችሁ አይደለም። የእኔን ሃይማኖትም አታገኙበትም። የምጽፈው እኛ ተመራቂዎች ሁላችንም ስለምናውቃት አንዲት ቃል ነው፦ ምደባ።

ሃያ ዓመት ያለ ማዕረግ

«አባቴን ታውቀዋለህ» አለኝ። በአካል አላውቃቸውም፤ በምርቃታችን ቀን በስልክ መርቀውኛል። ከብት ያረባሉ፣ በቆሎ ይዘራሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ የሰፈራቸውን አንግሊካን ምእመናን ሃያ ዓመት ሙሉ የመሩት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ዛፍ ሥር፣ አሁን ሣር ክዳን ባለው የጭቃ ቤት። በኑዌር ቋንቋ ያነባሉ፣ ያስተምራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፣ በከብት የተጣላ ያስታርቃሉ። ደመወዝ የላቸውም። ቄስም አይደሉም።

ይሄ «ቄስም አይደሉም» የሚለው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እንደ ኦርቶዶክስ ሁሉ ሦስት የክህነት ደረጃዎች አሏት፦ ዲያቆን፣ ቄስና ጳጳስ። ቅዱስ ቁርባንን መባረክ የሚችለው ቄስ ወይም ጳጳስ ብቻ ነው። የጓደኛዬ አባት ጸሎት መምራትና መስበክ ይችላሉ፤ ቁርባን ግን ቄሱ እስኪመጡ መጠበቅ ግድ ነው። ቄሱ ደግሞ የሚያገለግሉት ያንን አንድ አጥቢያ ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ።

«በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣሉ?» አልኩት።

«እሱን መንገዱ ያውቃል» አለኝ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የሚሆነውን የጋምቤላ ልጅ ያውቀዋል።

እዚህ ጋ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ብዙዎቻችን «ጋምቤላና እንግሊዝ» ሲባል ትዝ የሚለን ድሮ በባሮ ወንዝ በጀልባ ሲደረግ የነበረው ንግድ ነው። የጋምቤላ አንግሊካኖች ግን በአብዛኛው የእንግሊዝ ነጋዴ የተወው ቅርስ አይደሉም። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያሰደዳቸው ክርስቲያኖች ድንበር ሲሻገሩ እምነታቸውንም ይዘው ተሻገሩ። በስደተኛ ጣቢያ ውስጥ የጸሎት ቤት ሠሩ። ከዚያ ወደ አካባቢው ሰው ተስፋፋ። በደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ እንደገና ጦርነት ሲነሣ ሌላ ብዙ ሺህ ሰው መጣ። ምእመኑ በአንድ ጊዜ በዛ፤ ቄስ ግን በአንድ ጊዜ አይበዛም። እንግዲህ በመካከል ያለውን ክፍተት የሞሉት እንደ ጓደኛዬ አባት ያሉ ሰዎች ናቸው።

ክፍተቱን ለመሙላት ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ከፍታለች። ስሙ ቅዱስ ፍሬምናጦስ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ለጓደኛዬ ያሉት ይህንን ነው፦ «አንተ ዲግሪ አለህ። መጻሕፍቱ እንግሊዝኛ ናቸው፣ አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ። ሂድና ተማርልን።»

«አባቴ ግን ሃያ ዓመት ሠርቷል» አለኝ። «ማነው መማር ያለበት?»

የሠራሁት ሒሳብ

ኢኮኖሚክስ ያነበበ ሰው ምን ያደርጋል? ኦፖርቹኒቲ ኮስት ያሰላል። ጓደኛዬ ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ለአንድ ድርጅት በኮንትራት መረጃ ይሰበስባል፤ ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው። ሥልጠናው ዓመታት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ገቢ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ምንም። በኤክሴል ሠንጠረዥ ሠርቼ ስክሪንሾቱን ላኩለት። መደምደሚያዬ ግልጽ ነበር፦ «አያዋጣም።»

መልሱ አሁንም አንድ መስመር ነበር። «የጠየቅኩህ ያዋጣኛል ወይ ብዬ አይደለም። ማን ይሻላል ብዬ ነው።»

አፈርኩ። ልክ ነበር። ጥያቄው ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ አመራረጥ ነው። አንድ ማኅበረሰብ መሪውን ከየት ያመጣል? የተማረውን ወስዶ እምነት እንዲጣልበት ያደርጋል ወይስ እምነት የተጣለበትን ወስዶ ያስተምራል? ሒሳቤን ትቼ ሌሎቹ አንግሊካኖች ምን እንደሚያደርጉ ማንበብ ጀመርኩ።

እንግሊዝ፦ ቦታ ከሌለ ክህነት የለም

በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው «ቄስ መሆን እፈልጋለሁ» ስላለ ብቻ አይሆንም። መጀመሪያ ከአጥቢያው ቄስ ጋር ይነጋገራል። ቀጥሎ ሀገረ ስብከቱ ለዚሁ ሥራ ከመደባቸው ሰዎች ጋር ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ጥሪውን ይመረምራል። ከዚያ በአገር ደረጃ ባሉ መራጮች ፊት ይቀርባል። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ጳጳሱ ነው። አለፈ እንበል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይማራል።

አሁን እኔን ያስደነገጠኝ ክፍል መጣ። ትምህርቱን ስለጨረሰ ብቻ አይካንም። የሚያገለግልበት የተወሰነ አጥቢያ መኖር አለበት። ቦታ ከሌለ ክህነት የለም! ደንቡ ዛሬ የወጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተጻፈ ነው። (ጉባኤውን ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እንደማትቀበለው አውቃለሁ፤ እኔ የማወራው ስለዚህች አንዲት ደንብ ነው።) ማንም ሰው እንዲሁ በደፈናው እንዳይሾም፣ ለአንድ ለታወቀ ቦታ እንዲሾም ያዝዛል።

እስቲ አስቡት። እኛ ከስንት ሺህ ሰው ጋር በአንድ ቀን ጋውን ለብሰን ቆባችንን ወደ ላይ ወረወርን። «የት ነው የምትሄዱት?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ለመግቢያው ምደባ ነበረን። ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ያልተጨናነቀ ኔትወርክ፣ ያልጮኸ ቤተሰብ አልነበረም። ለመውጫው ግን ምደባ አልነበረም። አንድ ተቋም «ቦታህ ሳይታወቅ አልመርቅህም» ቢል ኖሮ ብዬ ሳስብ ሳቄም እንባዬም መጣ።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። ሰውየው መጀመሪያ ዲያቆን ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ ቄስ። ሦስትና አራት ዓመት በአንድ ነባር ቄስ ሥር ረዳት ሆኖ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ነው የራሱን አጥቢያ የሚፈልገው። አጥቢያውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ «እኛ እንዲህ ነን፣ የምንፈልገው ሰው እንዲህ ያለ ነው» ብሎ ስለ ራሱ ጽፎ ያቀርባል። ተወካዮቹ የቀረበላቸውን ሰው እምቢ የማለት መብት አላቸው። የሚከፈለውም ገንዘብ በእነሱ አስተሳሰብ የሥራ ዋጋ አይደለም፤ ሌላ እንጀራ ሳይፈልግ እንዲያገለግል የሚሰጥ መኖሪያ ነው። ቤትም ይሰጠዋል።

ሁሉም ግን ሥራ ትቶ አይገባም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት መመረጣቸው የተነገረው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሣራ ማላሊ፣ ነርስ ነበሩ። የእንግሊዝ ነርሶች ሁሉ የበላይ ኃላፊ ሆነው እየሠሩ ነው ለክህነት የተማሩትና የተካኑት። ከክህነታቸው ደመወዝ አይቀበሉም ነበር። ሥራቸውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት በኋላ ነው። ክህነት ያልተቀበሉ አገልጋዮችም አሉ፦ «ሪደር» ይባላሉ፤ አንባቢ እንደ ማለት ነው። ከ1866 ጀምሮ በጳጳስ ፈቃድ ይሰብካሉ፣ ጸሎት ይመራሉ። የጓደኛዬ አባት ሥራ እንግሊዝም ውስጥ ስም አለው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በድምፅ ላኩለት። አዳምጦ ሲያበቃ «ቆንጆ ነው» አለኝ። «ግን የእኛ ችግር የተገለበጠ ነው። እነሱ ሰው አዘጋጅተው ቦታ ይፈልጉለታል። እኛ ጋ ቦታው አለ፣ ሰዉም ቦታው ላይ ነው። ያልተገኘው ዝግጅቱ ነው።»

ማካው፦ ቦታው ሰውን ሲጠራ

የተገለበጠ ችግር አጋጥሟቸው የሚያውቁ አንግሊካኖች አሉ ወይ ብዬ ሳነብ አንዲት ሴት አገኘሁ። ፍሎረንስ ሊ ቲም-ኦይ ይባላሉ፤ የሆንግ ኮንግ ተወላጅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፖርቹጋል ሥር የነበረችው ማካው ውስጥ በዲያቆንነት ያገለግሉ ነበር። ጃፓን አካባቢውን ስትይዝ ማካው በስደተኛ ተጥለቀለቀች፤ ቄስ ግን ከሆንግ ኮንግ መምጣት አልቻለም። ሕዝቡ ያለ ቁርባን ቀረ።

ጳጳሱ ሮናልድ ሆል ምን ያድርጉ? በዚያ ዘመን በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሴት ቄስ ሆና አታውቅም። እሳቸው ግን ያዩት ሥራውን ነው። ሴትዮዋ ሥራውን እየሠሩት ነው፤ ሕዝቡም ተቀብሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1944 ቀስሰው ሾሟቸው። በመላው አንግሊካን ዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ ሆኑ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ተነሣ። እሳቸውም ጳጳሳቸውን ከጭንቅ ለማዳን በ1946 በክህነታቸው የማገልገል ፈቃዳቸውን መለሱ፤ ክህነታቸውን ግን አልካዱም። እንግሊዝ ራሷ ሴቶችን መቀሰስ የጀመረችው በ1994 ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ። እስከ ዛሬም ጉዳዩ ከአገር አገር ይለያያል።

እኔን የገረመኝ የሴትነታቸው ክርክር ብቻ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው። ምርጫ፣ ሥልጠና፣ ምደባ የሚለው መስመር እዚያ ጋ ዞሯል። ምደባው ቀደመ።

የኮሌጁ ስም

ከዚያ በኋላ ነው የጋምቤላው ኮሌጅ ስም ትዝ ያለኝ። ፍሬምናጦስ! የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። ታሪኩን ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ፦ በልጅነቱ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት የደረሰ፣ አገሩን ቋንቋውን የለመደ፣ ክርስቲያኖችን ያሰባሰበ ሰው ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እስክንድርያ ሄዶ አትናቴዎስን «ለዚያ አገር ጳጳስ ላኩ» አለው። አትናቴዎስም ከእሱ የተሻለ አላገኘም፤ እሱን ራሱን ሾሞ መለሰው።

ማለትም የመጀመሪያው ጳጳሳችን የተሾመው አስቀድሞ እየሠራ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ግን ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ ከግብፅ ይላክልን ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ዓመታት የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። ጳጳስ ከሌለ ደግሞ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ጥበቃ ምን እንደሆነ የእኛ ታሪክ ያውቀዋል። የጋምቤላ አንግሊካኖች ዛሬ የታቀፉበት የአንግሊካን አውራጃም በ2020 ሲቋቋም ስሙ «የእስክንድርያ አውራጃ» ተባለ። መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው።

እንግዲህ ሒሳቤን ጨረስኩ ብዬ በኩራት ጻፍኩለት፦ «መማር ያለባቸው አባትህ ናቸው። እምነት በዲግሪ አይገኝም፤ እንግሊዝኛ ግን በአስተርጓሚ ይገኛል። ደግሞ የተማረው ወጣት ከተማ ይቀራል፤ ሃያ ዓመት ከሕዝቡ ጋር የኖሩት አይሄዱም። አባትህን አስመዝግብ።»

አባትየው ያሉት

ሳምንት ያህል ጠፋ። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከዚያ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ከኋላ ከብት ሲጮህ ይሰማል።

አባቱን ጠይቋቸዋል። እሳቸውም የኢኮኖሚስቱን ሐሳብ በትዕግሥት ሰምተው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ቄስ ስጡን አልኩ እንጂ ቄስ አድርጉኝ አላልኩም።»

ቀጥለው የፈለጉትን ተናገሩ። ሰው ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ማወቅ ይፈልጋሉ። ልጇ የሞተባት እናት «ለምን?» ስትላቸው፣ ከስደተኛ ጣቢያ የመጣ ወጣት «የገደሉብኝን ይቅር ማለት አለብኝ ወይ?» ሲላቸው፣ ዝም ማለት ሰልችቷቸዋል። ለዚህ ሦስት ዓመት ከከብቶቻቸውና ከሰዎቻቸው መለየት አይፈልጉም። ትምህርቱ እሳቸው ዘንድ ቢመጣ ይፈልጋሉ። ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። የእናቶች ማኅበር የሚመሩት ሴቶች አሉ። ማኅበሩ በ1876 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ የአንግሊካን እናቶች ማኅበር ነው፤ ጋምቤላም ደርሷል። «እነሱም ቄስ መሆን አልጠየቁም፤ ማወቅ ግን ይፈልጋሉ» አሉ።

ሁለተኛ አፈርኩ። እኔ ምእመን መሪን ሁሉ ወረፋ ላይ የቆመ ቄስ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ለካ የራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው። የጎደለው ማዕረግ አልነበረም። የሚያስተምረው አጥቶ ነው። ቄስ የማዘጋጀት ሥራና ምእመን መሪን የማዘጋጀት ሥራ ሁለት ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ቤተ ክርስቲያን፣ መሥሪያ ቤትም ይሁን መንግሥት፣ ጥቂቶችን ከፍ አድርጎ ሌላውን ባዶ እጁን ያስቀራል። ጤና ኬላ ውስጥ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ረስተን ሐኪም ብቻ እንደምንቆጥረው ማለት ነው።

ቁርባኑስ? ቄስ ያው ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ከአባትየው ጋር ተማክረው ለጓደኛዬ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ወዲያው ወደ ኮሌጅ አትሂድ። መጀመሪያ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ተቀመጥ። ከአባትህ ጋር ታማሚ ጠይቅ፣ ለቀብር ቁም፣ ሰው ሲጣላ ሽምግልና ተቀመጥ። ሰዉ ይወቅህ፣ አንተም ሰዉን እወቅ። ዓመቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ይጠየቃል። «ይሁን» ካለ ስምህን ለጳጳሱ እንልካለን፤ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

እንግሊዝ ውስጥ ከክህነት በኋላ የሚመጣው የረዳትነት ጊዜ እዚህ ከሥልጠና በፊት መጣ። ይሄን ያሰቡት ደግሞ የኬልቄዶንን ደንብ ያነበቡ ሰዎች አይደሉም። ሰው ሰጥተው የማይመለስላቸው ስለበዛ ነው። ከተማ ተምሮ ከተማ የቀረ ልጅ የሌለው ቤት የት አለ?

ጓደኛዬ እሺ ብሏል። ኮንትራቱ እስኪያልቅ በሳምንት ሦስት ቀን ጣቢያ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ከአባቱ ጋር ነው። ማታ ማታ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ አንብቦ በኑዌር ቋንቋ ያስረዳና በስልኩ ይቀዳዋል። አምስት፣ ስድስት ደቂቃ ነው። አባቱና በየሰፈሩ ያሉ ሌሎች መሪዎች ያዳምጡታል። ስማርት ስልክ የሌላቸው በሚሞሪ ካርድ ይወስዳሉ። ጥያቄ ሲኖራቸው እነሱም ድምፅ ቀድተው ይልካሉ። አንዱን አስተርጉሞልኛል፤ የይቅርታው ጥያቄ ነበር። ምን ብሎ እንደመለሰ ስጠይቀው «ገና እያሰብኩበት ነው፤ አባቴንም እየጠየቅኩት ነው» አለኝ።

እኔ ያው እንደምታውቁኝ ነኝ፤ እዚህም እዚያም እጽፋለሁ፣ የሥራ ማስታወቂያ አያለሁ። ትናንት ማታ የድሮ የዶርም ቀልዳችንን ጻፍኩለት፦ «ምደባ ወጣ?»

ወዲያው መለሰ። «ምደባው ወጥቷል። የቀረኝ ትምህርቱ ነው።»